አፈር ስሆን

የአፈር አጥኚው ሚስት በከተማው አውቶቡስ ድርጅት የስምሪት ሠራተኛ ነበረች። ሹፌሮቹ «እትዬ ስምሪት» ይሏታል። ከጠዋት እስከ ማታ ናፍጣ ጭስ ውስጥ ቆማ፣ ይሄ አውቶቡስ ወዲህ፣ ያ አውቶቡስ ወዲያ ስትል ኖራ ድምጿ ሻክሯል። በስልክ የሚያዋራት ሰው ብዙ ጊዜ ወንድ ትመስለው ነበር። ሰው ማዘዝ ልማዷ ነው፤ ቤቷ ስትገባም ቶሎ አይለቃትም።

ባሏ ደግሞ ኖረ አልኖረ የማይባል ዝምተኛ ነው። ዕድሜውን ሙሉ አፈር ሲያገላብጥ የኖረ፣ ኪሱ ሲራገፍ አፈር እንጂ ሌላ የማይወጣው ሰው። ትል ስለሚወድ የሥራ ባልደረቦቹ «ጋሽ ትሉ» ብለውታል፤ እሱም ስሙን ወዶታል። ሲናገር ሁልጊዜ ግማሽ ፈገግ እንዳለ ነው፤ ይቀልድ ይሁን የምሩን ይሁን ለመለየት ያስቸግራል።

«አንድ እፍኝ አፈር ውስጥ ስንት ነፍስ እንዳለ ብታውቂ፣ ስትራመጂ ይቅርታ ትጠይቂ ነበር» ይላታል።

«መጀመሪያ አንተ ምንጣፌን ይቅርታ ጠይቅ» ትለዋለች።

ከከተማው ዳር፣ ሥራ ባቆመ የጡብ ፋብሪካ ግቢ ውስጥ፣ እሱ የሚሠራበት የምርምር ተቋም አንድ ትልቅ የመስታወት ቤት አቆመ። የሰፈሩ ሰው «ጠርሙሱ» አለው። ውስጡ የእርሻ መደብ፣ ዓሣ ያለበት ኩሬ፣ ጥቂት ዛፎች፣ ዶሮዎችና ፍየሎች፣ ለሰው ደግሞ መኖሪያ ክፍሎች አሉት። በሩ አንዴ ከታሸገ በኋላ ከፀሐይ ብርሃንና ከኤሌክትሪክ በቀር የሚገባ የለም፤ የሚወጣም የለም። ውሃው ይተንና መስታወቱ ላይ ተጠራቅሞ ተመልሶ ይወርዳል። ሰው ያወጣውን ትንፋሽ ዕፅዋቱ ይስቡታል፤ እነሱ ያወጡትን ሰው ይስበዋል። እዳሪው ሳይቀር ተብላልቶ መሬት ይገባል። አራት ሰዎች ሁለት ዓመት እዚያ ሊኖሩ ነው፤ ከአራቱ አንዱ ባሏ ነው።

«ለምንድነው ግን?» አለችው አንድ ቀን እራት ላይ። «ውጭ ያለችው ምድር አልበቃችሁ ብላ ነው?»

«ውጭ ያለችው ትልቅ ናት። እዚህ ብናጠፋ እዚያ ትሸፍንልናለች፤ ምን እንዳጠፋን ሳናውቅ እንቀራለን። ትንሽ አድርገን ስንሠራት ግን ምኑ ከምኑ እንደተያያዘ ትነግረናለች።»

«ብትቆጣስ?»

«እንዴት እንደምትቆጣ እናያለና።»

ፋርማሲ የምትሠራው ልጃቸው ነገሩን አልወደደችውም። «አባዬ፣ በዚህ ዕድሜህ? ጎረምሳ ጠፍቶ ነው?» አለችው። እሱ ግን ሌላ ሰው ሊገባ አይችልም ባይ ነው። አፈሩን ከየቦታው መርጦ በጭነት መኪና ያስመጣው፣ ከበሰበሰ ቅጠልና ከፍግ ጋር እያገላበጠ ጥቁርና ለም ያደረገው እሱ ነው። የገዛ ልጁን አዲስ ትምህርት ቤት ብቻውን እንደሚልክ ሰው ሆኖበታል። ሚስቱ ለሁለት ቀን አኮረፈችና ሻንጣውን አስተካክላ ሰጠችው።

ሌሎቹ ሦስቱ ከሱ ያነሱ ናቸው። አንዷ የቡድኑ መሪ የሆነችው ሐኪም ነች፤ አንዱ ቧንቧውንና ሞተሩን የሚጠብቀው ግዙፉ መካኒክ ነው፤ ሦስተኛዋ ገና ከትምህርት የወጣችው አትክልተኛ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተሰብ መጥቶ በአንድ ወፍራም መስኮት በኩል ይጠይቃቸዋል። ከመስታወቱ ወዲህም ወዲያም አንዳንድ የስልክ እጀታ ተሰቅሏል። ፊት ለፊት ተያይቶ በስልክ ማውራት መጀመሪያ ላይ ያስቃት ነበር።

ደህና ሰነበቱ። ችግሩ የመጣው ሰማዩ ተከድኖ በከረመበት ወራት ነው። ፀሐይ ሲጠፋ ሰብሉ ቀጨጨ። በዚያ ላይ ባቄላው ላይ ተባይ ወረደ። መድኃኒት እንዳይረጩ፣ የረጩትን መልሰው ሊተነፍሱትና ሊጠጡት ነው። ቅጠል በቅጠል በእጃቸው እየለቀሙ ሊያድኑት ሞከሩ፤ አልሆነም።

ባሏ መክሳት ጀመረ። አንድ ቅዳሜ ቀበቶው ላይ በምስማር የበሳውን አዲስ ቀዳዳ አየች።

«እዚያ ውስጥ የሚበላ የለም እንዴ?»

«ሞልቷል። ጠዋት ስኳር ድንች፣ ቀን የስኳር ድንች ወንድም፣ ማታ የስኳር ድንች አክስት።»

«አትቀልድብኝ።»

«ሆድ ካገር ይሰፋል ይባል የለ? እኛ አገሩን አጥብበን ስንገባ ሆዱን ማጥበብ ረስተን ነው» አለና ፈገግ አለ። ጉንጩ ላይ ቆዳው ተጨማደደ። «ሰማዩ ይገለጣል። አታስቢ።»

ሰማዩም ተገለጠ። እሱ ግን አላገገመም። ስትጠይቀው ወሬውን ወደ ልጃቸው፣ ወደ ጣሪያው ፍሳሽ፣ ወደ ሹፌሮቹ ጠብ ያዞርባታል።

አንድ ጠዋት አውቶቡሶች እያሰማራች ሳለ ስልክ መጣላት። የተቋሙ ኃላፊ ነበር።

«አሁኑኑ ቢመጡ ይሻላል» አላት።

«ታሞ ነው?»

«ሲመጡ እንነጋገራለን።»

«ጠየቅኩዎት እኮ። ታሞ ነው ወይስ ሞቷል?»

«በጣም አዝናለሁ» አለ።

የስምሪቱን ሬዲዮ መነጋገሪያ ላጠገቧ ሠራተኛ ሰጠቻት። አንድ ሹፌር ፊቷን አይቶ ተሳፋሪ ሳይጭን አውቶቡሱን አስነሳና ብቻዋን ይዟት ሄደ። መንገድ ላይ ሰዉ እጁን እያወጣ ሲያስቆመው አልፎት ይሄዳል። እሷ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሰዉ ሲሰድበው ትሰማ ነበር።

መስኮቱ ጋ ስትደርስ በወዲያኛው በኩል አግዳሚ ወንበር ላይ አጋድመውታል፤ እስከ አንገቱ አንሶላ አልብሰውታል። ሐኪሟ እጀታውን አነሳች። ዓይኗ አብጧል። አረም እየነቀለ ነበር አለች፤ ደክሞኛል ብሎ መደቡ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ፤ ከዚያ ወደ ጎኑ ዘመም አለ። ልቡ ነው። ደረቱን እየተፈራረቁ ሲጫኑ ቆዩ፤ አልተመለሰም።

ሚስቱ ባሏን ስታየው ቆየች።

«ግንባሩ ላይ አፈር አለ» አለች በመጨረሻ። «ጥረጉለት።»

ሐኪሟ ሄዳ በእጇ መዳፍ ጠረገችለት።

ኃላፊው ወደ ቢሮው ይዟት ገባ። ጠባብ ክፍል ነች፤ የፕላስቲክ ወንበሮች፣ የጠርሙሱን አየርና ሙቀት የሚያሳይ አንድ ሰሌዳ፣ ጠረጴዛ ላይ ግማሽ የተጠጣ ውሃ። ሰውየው ክፉ ሰው አልነበረም።

«ማስወጣት ይቻላል» አለ። «ማንም አይከለክልዎትም። ግን በሩ ከተከፈተ የውጭ አየር ይገባል። ከዚያ በኋላ እስካሁን የለካነው ሁሉ ትርጉም አይኖረውም። ዓላማው እንዳለ ምንም ሳይወጣ፣ ምንም ሳይገባ… እዚያ ውስጥ አንዲት ቅጠል እንኳ አልተጣለችም።»

«ባሌ ቅጠል ነው?»

«እንደሱ ማለቴ አይደለም።»

«ካላወጣችሁት ምን ልታደርጉት ነው?»

ሰውየው ጠረጴዛውን አየ። «እዚያው መቅበር። ሐኪሟ ደግሞ የሚሉት ነገር አለ። ኑዛዜ ነበረው ይላሉ።»

ይሄኔ ልጇ የፋርማሲ ነጭ ካፖርቷን እንደለበሰች እያለከለከች ገባች። ኃላፊውን ቀና ብላም አላየችው። እናትና ልጅ ተያይዘው ወደ መስኮቱ ተመለሱ፤ ሁለቱም እንዲሰሙ እጀታውን በመካከላቸው ያዙት።

«በቅርቡ ነው» አለች ሐኪሟ። «እራት ላይ ሳህኑን ወደኛ ገፋው። ጠግቤያለሁ፣ እናንተ ብሉ አለ። መካኒኩ እምቢ ሲለው 'አፈር ስሆን ብላ' አለው። ሳቅን። ከዚያ፣ 'የምሬን እኮ ነው፤ አፈር ስሆን ብሉ' አለን።»

«እና?» አለች ልጅቷ።

«እና… እዚህ እንድንቀብረው የፈለገ ይመስለኛል።»

«ይሄ ነው ኑዛዜው?» ልጅቷ እጀታውን ከእናቷ ነጠቀች። «ይሄን እኮ እናቴ ቤት ለመጣ እንግዳ ሁሉ ትላለች! ጎረቤቱ ይላል፣ አክስቴ ትላለች፣ የማይል ሰው አለ? አፈር ስሆን ያለ ሁሉ የድንች መደብ ውስጥ ይቀበር?»

«እኔ የሰማሁትን ነው የነገርኩሽ፣ እህቴ።»

እናትየዋ እጀታውን መልሳ ወሰደች። «ሲናገር ይስቅ ነበር?»

ሐኪሟ አመነታች። «እንደ ሁልጊዜው ነው።»

እንደ ሁልጊዜው ማለት ምን እንደሆነ ከሚስቱ በላይ የሚያውቅ የለም። ሃያ ምናምን ዓመት ያን ፊት ስታይ ኖራ ቀልዱን ከቁም ነገሩ ለይታ አታውቅም። አሁን ሰው ይለይልኝ ብላ ልትጠይቅ አትችልም። ከዚያ ሌላው ነገር ገባት።

«ቆይ እስቲ» አለች። «ሳህኑን ገፋው አልሽኝ። ስንቴ ነው የገፋው?»

ሐኪሟ ዞር ብላ መካኒኩን አየችው። ከኋላዋ መካኒኩ መጥቶ እጀታውን ከእጇ ወሰደ። ያ ግዙፍ ሰው ሸሚዙ ተንጠልጥሎበታል።

«እትዬ፣ የበላሁት እኔ ነኝ» አለ። «ፀሐይ ከጠፋበት ጊዜ ጀምሮ። ሁልጊዜ አይደለም፣ ግን ብዙ ጊዜ። የሽማግሌ ሆድ ትንሽ ነው፣ አንተ ቧንቧ ትሸከማለህ ይለኝ ነበር። አመንኩት። ማመን ፈልጌ ነው እንጂ… ርቦኝ ነበር፣ እትዬ። ሲርብህ የነገሩህን ታምናለህ።»

እያለቀሰ ነበር። እሷ ዓይኗን ከሱ አንስታ ሐኪሟ ላይ ተከለች።

«አንቺስ? ትመዝኛቸው የለም እንዴ?»

«አይቻለሁ» አለች ሐኪሟ፤ መካኒኩ እጀታውን ወደ አፏ አስጠግቶላታል። «ነገርኩት። ላስወጣህ አልኩት። ካስወጣሽኝ ሁሉ ነገር እዚህ ያበቃል አለኝ።»

«አንቺም እሺ አልሽ።»

«እሺ አልኩ።»

ሙቀቱ እየጨመረ ነበር። እዚያ ውስጥ ደግሞ ይብሳል፤ አስከሬኑ እስከ ነገ የሚቆይ አልነበረም። እናትየዋ ወደ ግቢው ወጥታ የተሰባበረ ጡብ ክምር ላይ ተቀመጠች። ልጇ ከፊቷ ቆመች።

«አውጡት በያቸው። በቃ። ምን ትጠብቂያለሽ?»

«እያሰብኩ ነው።»

«ምን ይታሰባል? አባዬ እኮ ነው!»

«ለዚህ ነገር ነው የተራበው» አለች እናትየዋ። «ቀበቶውን እየበሳ፣ እኔን በወሬ እያታለለ። አሁን በሩን ባስከፍተው ለምን ተራበ ልበል? በከንቱ ተርቦ የሞተ ሰው አደርገዋለሁ።»

«በከንቱ ነው እኮ የሞተው!»

«አንቺ እንደሱ በዪ። እኔ አልችልም።»

ልጅቷ ተንበረከከችና የእናቷን ጉልበት ያዘች። ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እማዬ፣ ሊበሉት እኮ ነው። ገብቶሻል? እሱ አፈር ሊሆን፣ አፈሩ ድንች ሊሆን፣ ድንቹን ደግሞ እነሱ…»

«ገብቶኛል።»

«እና?»

እናትየዋ ተነስታ ከቀሚሷ የጡቡን አቧራ አራገፈች። ቢሮው በር ላይ ቆማ፣ ሹፌሮቿን በምታዝበት ድምፅ፣ «ቅበሩት። ግን እኔ እያየሁ ነው» አለችው ኃላፊውን።

ሳጥን አልነበረም። በአንሶላው ገንዘው፣ መስታወቱ አጠገብ ባለው መደብ መካኒኩ መቆፈር ጀመረ። ሦስት አራቴ ይቆፍርና አካፋውን ተደግፎ ያለከልካል። ሐኪሟ ትቀበለዋለች፤ እሷም ብዙ ሳትቆይ ቁጭ ትላለች።

«ለምንድነው እንደዚህ የሚደክማቸው?» አለች ልጅቷ።

ኃላፊው ጉሮሮውን ጠረገ። «አየሩ ትንሽ ሳስቷል። ተራራ አናት ላይ እንዳሉ ቁጠሩት። እየተከታተልነው ነው።»

«ይሄን ደግሞ መቼ ልትነግሩን ነበር?»

መስታወቱ ከውስጥ በላበት ይጋረዳል። አትክልተኛዋ፣ ያቺ ወጣት፣ ሚስትየው እንድታይ ብላ በእጅጌዋ እየጠረገች እዚያው ቆመች፤ ወዲያው መልሶ ይጋረዳል፣ መልሳ ትጠርጋለች። ሲያወርዱት ታየ። አፈሩን መመለስ ሲጀምሩ ልጅቷ ፊቷን አዞረችና ግቢውን ለቃ ሄደች። እናትየዋ እስከ መጨረሻው ቆመች። ሲጨርሱ አንዲት ዶሮ መጥታ አዲሱን አፈር በእግሯ መጫር ጀመረች፤ መካኒኩ ተነስቶ አባረራት። ተመልሳ መጣች። ደግሞ አባረራት።

ለቅሶ የሚደርሱ ጎረቤቶች የት እንደተቀበረ ሲጠይቁ የምትለው ይጠፋት ነበር። «ሥራ ቦታው» ትላለች። አንዷ ሴት፣ «ጠርሙሱ ውስጥ ነው የሚባለው እውነት ነው?» ብላ ስትንሾካሾክ ሰማቻት። ልጇ እዚያው ቤት እየኖረች አታናግራትም። በር ሲዘጋ፣ ሳህን ሲቀመጥ፣ ውሃ ሲፈስ ይሰማል፤ ቃል የለም።

ቅዳሜ ቅዳሜ መሄዷን አልተወችም። የምታየው መደቡን ነው። ምንም ሳይተክሉበት ባዶውን ትተውታል። ጥቂት ከቆየ በኋላ ግን ካጠገቡ ያለው የስኳር ድንች ሐረግ እየተሳበ መጣና ሸፈነው። ቅጠሉ እዚያ ላይ ሲደርስ ሰፋ ያለ፣ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ነው።

«እኛ አይደለንም የተከልነው፣ እትዬ» አለቻት አትክልተኛዋ። «ራሱ ነው የመጣው። ልንቀለው ብዬ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።»

«ተዪው» አለቻት።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ሐኪሟ ብቻዋን መጣች። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ሌላው መደብ የሰጠው ድንች የጣት ያህል ነው፤ ከዚያኛው ግን… ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም።

«ፈቃድ እየጠየቅሽኝ ነው?» አለቻት ሚስትየው።

«ያለ እርስዎ ፈቃድ አንነካውም።»

ሚስትየው እጀታውን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ለረጅም ጊዜ ሐረጉን አየች። ከጀርባዋ የሌላ ሰው ቤተሰብ ተራ እየጠበቀ ነበር።

«ብሉ» አለች። «እሱ ያላችሁን አድርጉ።»

በሚቀጥለው ሳምንት እንዴት እንደሆነ ሰማች። መካኒኩ በላ፤ ከክፍሉ ወጥቶ አስመለሰው፤ ተመልሶ መጥቶ ደግሞ በላ። ሐኪሟ ዓይኗን ጨፍና ዋጠች። አትክልተኛዋ ግን እምቢ አለች። «ጋሼን አልበላም» ብላ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሁሉም ያነሰ እየበላች ኖረች።

አየሩ መሳሳቱን ቀጠለ። ቀን ቀን ይተኛሉ፤ ራሳቸውን ያማቸዋል፤ መስኮቱ ጋ ሲመጡ ቃል ይጠፋቸዋል። አትክልተኛዋ «ውሃ ማጠጫውን» ልትል ፈልጋ በእጇ እያሳየች፣ «ያ… ያ…» ስትል ቆይታ አለቀሰች። ሚስትየው በቀጥታ ወደ ኃላፊው ቢሮ ገባች።

«እነዚህን ሰዎች መቼ ነው የምታወጧቸው?»

«ትንሽ ጊዜ ስጡን። ዕፅዋቱ እየጨመሩ ነው፣ ሊስተካከል ይችላል።»

«ከምን የመጣ ነው?»

ሰውየው መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። «ከአፈሩ ነው። ባለቤትዎ ያመጡት አፈር ለዚህ ቤት በጣም ለም ነበር። ውስጡ ያለው ሕይወት ሁሉ ይተነፍሳል። ዕፅዋቱ ከሚያወጡት ይልቅ አፈሩ የሚስበው በለጠ። ማናችንም አላሰብነውም። እሳቸውም አላሰቡትም።»

ሚስትየው ወንበሩን ሳብ አድርጋ ተቀመጠች። «ስለዚህ እያፈናቸው ያለው እሱ ነው?»

«እንደሱ አይባልም። ማንም አልሞተም።»

«እሱ ሞቷል» አለች።

በሩ የተከፈተው አትክልተኛዋ ወድቃ አልነሳ ስትል ነው። ሁለት ዓመቱ ገና ብዙ ይቀረው ነበር። ሚስትየው ከሥራ ተጠርታ ስትደርስ አትክልተኛዋን በአምቡላንስ ወስደዋታል። ሐኪሟ ብርድ ልብስ ተከናንባ ማንንም አታይም። መካኒኩ ግቢው ውስጥ ጡቡ ላይ በጀርባው ተንጋሎ፣ አፉን ከፍቶ፣ ውሃ እንደሚጠጣ ሰው አየሩን ይጎነጫል።

አትክልተኛዋ ተረፈች፤ ግን እንደነበረችው አልተመለሰችም። ማንኪያን በር ትላለች፣ የናቷን ስም ትረሳለች፣ እስክሪብቶ ስትይዝ እጇ ይሄድባታል። ሚስትየው ሆስፒታል ሄዳ አየቻት። ልጅቷ በደስታ ፈገግ አለችላት፤ ማን እንደሆነች ግን አላወቀቻትም።

ተቋሙ ጠርሙሱን ሊያፈርሰው ወሰነ። አፈሩ ተዝቆ በመኪና ሊወሰድ ነው። ከዚያ በፊት ኃላፊው ደወለላት። ባለሙያዎች መደቡን ሊያጠኑት ይፈልጋሉ አላት፤ አንድ ሰው በተዘጋ ቤት ውስጥ ወደ ምን እንደተለወጠ እንደዚህ ተለክቶ አያውቅም፤ ለሳይንስ ትልቅ…

«እስካሁን ያጠናችሁት ይበቃል» አለችና ዘጋችው።

መካኒኩን ጠራችው። እሱ ሌላ ቆፋሪ አልፈልግም ብሎ አካፋውን ይዞ መጣ። በሮቹ ወለል ብለው ተከፍተዋል፤ የውጭ ንፋስ ገብቶ ቅጠሉን ያወዛውዛል። ልጇም ማንም ሳይጠራት መጣች። በሩ ጋ ቆማ ቆየችና ገባች።

መካኒኩ ሐረጉን ቆርጦ አነሳ፣ ቀስ እያለ ቆፈረ። አንሶላው የለም። አጥንቱን እያነሳ አዲሱ ሳጥን ውስጥ አስቀመጠ። ከዚያ አካፋውን እንደያዘ ቆመ። በአጥንቱ ዙሪያ ያለው አፈር ከሌላው የተለየ አልነበረም፤ የተለየም ይመስላል።

«እትዬ፣ እስከ የት ድረስ ልውሰድ?» አላት።

ኃላፊውም፣ ልጇም፣ መካኒኩም እሷን አዩ። ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተንበርክካ በጣቷ አፈሩ ላይ መስመር አሰመረች።

«እስከዚህ» አለች።

ልጇ አጠገቧ ተንበረከከችና መስመሩን ትንሽ ገፋ አድርጋ አሰፋችው። መካኒኩ እንዳሰመረችው ዛቀ። ሳጥኑ ከባድ ሆነ።

በከተማው መቃብር ቀበሩት። ብዙ ሰው አልነበረም፤ ጥቂት ሹፌሮች፣ ጥቂት ጎረቤቶች፣ ሐኪሟ ከሩቅ ቆማ። ሰዉ ሲበተን ዝናብ ጀመረ። እናትና ልጅ የተቆፋፈረውን የመቃብር መንገድ ይዘው በእግር ወረዱ።

«ያን ቀን አውጡት ብትይ ኖሮ» አለች ልጅቷ፣ ፊቷን ሳታዞር፣ «ሁሉም ያኔ ይወጡ ነበር። ያቺ ልጅ ዛሬ ስሟን ትጽፍ ነበር።»

«አዎ።»

«አዎ ብቻ?»

«ሌላ ምን ልበልሽ? ይሄን አንቺ ሳትነግሪኝም አውቀዋለሁ። ጠዋት አውቶቡስ ሳሰማራም አውቀዋለሁ፣ ማታ ስተኛም አውቀዋለሁ። እሱ ተርቦ ሞተ፤ እኔ ደግሞ ረሃቡ በከንቱ እንዳይቀር ብዬ ሌላ ሰው ጨመርኩበት።»

ጫማቸው ጭቃው ውስጥ ይሰምጣል።

«ይቅር ልልሽ እየሞከርኩ ነው» አለች ልጅቷ። «እውነቴን ነው፣ እማዬ። አልሆን አለኝ።»

«አትቸኩዪ።»

ዝናቡ የቆረጠው ቦይ ጋ ደረሱ። ልጅቷ ቀድማ ዘለለችና ዞር ብላ እጇን ዘረጋች። እናቷ ያዘቻት፤ ተሻገረች። ወዲያኛው ዳር እግሯ መሬት እስኪይዝ ልጇ ጠብቃት ቆየች። ከዚያ እጇን ለቀቀችና ቀድማት ሄደች።